የ«ሻይ»ን ፊደል መከታተል፦ የአንድን የቻይና ፊደል አመጣጥ፣ ንባብና ትርጉም ለማጥናት የሚረዳ መመሪያ

«ሻይ» የሚለው ቃል ከቻይና ተነሥቶ፣ በፋርስና በዐረብ አገር አልፎ አማርኛ ውስጥ የገባ ነው። በመነሻው አገር ቃሉ የሚጻፍበት ፊደል ግን ከእኛ ፊደል በጠባዩ ይለያል። የግዕዝ ፊደል ድምፅን ብቻ ሲይዝ፣ የቻይናው ፊደል ድምፅንም ትርጉምንም በአንድነት ይሸከማል። በዚህ ምክንያት የአንድ የቻይና ፊደል ታሪክ ሲመረመር መልኩን፣ ንባቡንና ትርጉሙን ለየብቻ መከታተል ያስፈልጋል፤ ሦስቱ በአንድ ዘመን አልተለወጡም፣ ወደ አንድ አቅጣጫም አልሄዱም። ይህ መመሪያ የሻይን ፊደል ምሳሌ አድርጎ ይህንን ሥራ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ቻይንኛ የሚማሩም ሆኑ በቻይና ኩባንያዎች ውስጥ በአስተርጓሚነት የሚሠሩ አንባቢዎች ይኸውን መንገድ ለሌሎች ፊደሎች ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ፊደሉን በእጅ ማስገባት

የመጀመሪያው ሥራ ፊደሉን በትክክል መለየት ነው። ፊደሉን በማሸጊያ ወይም በምግብ ቤት ሰሌዳ ላይ ካዩት፣ በስልክዎ ላይ የቻይንኛ የእጅ ጽሕፈት ገበታ ጭነው በጣትዎ ይሳሉት። ንባቡን አስቀድመው ካወቁ ደግሞ ፒንዪን በሚባለው፣ የቻይንኛን ድምፅ በላቲን ፊደል በሚጽፈው ሥርዓት «ቻ» ብለው ይተይቡና ከሚመጡት አማራጮች ይምረጡ። አማራጮቹ ብዙ እንደሚሆኑ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ ሹካ፣ መመርመር፣ መጉደልና ሻይ ሁሉም በፒንዪን «ቻ» ተብለው ይጻፋሉ፣ በአጻጻፋቸውና አንዳንዶቹም በቃናቸው (በድምፃቸው መነሣትና መውደቅ) ግን ይለያያሉ።

የሻይ ፊደል በጭረት ሲቆጠር ዘጠኝ ነው። ከላይ አንድ አግድም ጭረትና እርሱን የሚያቋርጡ ሁለት አጫጭር ቋሚዎች አሉ፤ ይህ የሣር ምልክት ነው። ከሥሩ እንደ ጎጆ ጣሪያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወርዱ ሁለት ጭረቶች ይከተላሉ። ከጣሪያው በታች አንድ አግድም፣ አንድ ቋሚ፣ ከቋሚው ግራና ቀኝም ሁለት አጫጭር ጭረቶች አሉ። መዝገበ ቃላት ፊደሎችን የሚመድበው መሪ በሆነው ክፍላቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1716 የተጠናቀቀውና 47,035 ፊደሎችን የያዘው የካንግሺ መዝገበ ቃላት 214 መሪ ክፍሎችን ይጠቀማል፤ የሣር ምልክት ከእነርሱ 140ኛው ነው። በቆጠራ ጊዜ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሣሩ ምልክት በአዲስ አጻጻፍ ሦስት ጭረት ሲሆን፣ በአሮጌ ኅትመት መካከሉ ተከፍሎ አራት ይሆናል፤ በዚህም ጠቅላላው ቁጥር ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። ስለዚህ ከመሪው ክፍል ውጭ ያሉትን ብቻ መቁጠር ይሻላል፤ ለሻይ ይህ ቁጥር ስድስት ነው፣ በየትኛውም መዝገብም አይለወጥም።

በኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው የፊደሉ የዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል መለያ ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት) ቁጥር U+8336 ነው። የዩኒኮድ ድርጅት ለቻይና ፊደሎች ባዘጋጀው የመረጃ ቋት ውስጥ በዚህ ቁጥር የማንዳሪን (የቻይና መደበኛ ቋንቋ)፣ የካንቶንኛ (የደቡብ ቻይና ቋንቋ)፣ የጃፓንኛ፣ የኮርያኛና የቬትናምኛ ንባቦች በአንድ ገጽ ይገኛሉ፤ ዊክሽነሪም ለመነሻ ይረዳል። ሆኖም እነዚህ የሚሰጡት ውጤቱን ብቻ ነው። ንባቦቹ ለምን እንደተለያዩ ለመረዳት ወደ አሮጌው መዝገብ መመለስ ግድ ይላል።

በመልኩ ላይ የሚነገረውን ተረት መለየት

ስለ ሻይ ፊደል ብዙ ጊዜ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ከላይ ሣር፣ በመካከል ሰው፣ ከታች ዛፍ አለ፤ ስለዚህ ሻይ ማለት «በሣርና በዛፍ መካከል ያለ ሰው» ማለት ነው ይባላል። የጣሪያው መልክ የሰውን ፊደል በእርግጥ ይመስላል፣ የታችኛውም የዛፍን ፊደል ይመስላል። ታሪኩ ውብ ነው፣ ለማስታወስም ይረዳል፤ የፊደሉ አመጣጥ ግን አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም በመጀመሪያ ሲሰማው ያለ ጥርጥር ተቀብሎት ነበር። ጃፓኖች ይኸንኑ ፊደል በሌላ መንገድ ይበትኑታል፤ የላይኛውን ክፍል ሁለት ዐሥሮች፣ የታችኛውን ሰማንያ ስምንት አድርገው በማንበብ ጠቅላላውን 108 ያደርሱታል፤ በዚህም የአንድን ሰው 108ኛ የልደት በዓል «ቻጁ»፣ ማለትም የሻይ ዕድሜ ብለው ይጠሩታል። የጃፓኑን ጨዋታ ማንም አመጣጥ ነው ብሎ አይከራከርም። የመጀመሪያው ግን ከእርሱ እምብዛም ሳይለይ እንደ እውነተኛ ታሪክ ሲነገር ይሰማል።

ትክክለኛው መንገድ «ፊደሉ የድምፅ ክፍል አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አብዛኞቹ የቻይና ፊደሎች ሥዕል አይደሉም፤ አንዱ ክፍላቸው የትርጉምን ወገን ሲጠቁም ሌላው ድምፅን ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. በ100 ገደማ ሹ ሸን የተባለው ሊቅ 9,353 ፊደሎችን በ540 ክፍሎች መድቦ ሲተነትን፣ የዛሬው የሻይ ፊደል በመጽሐፉ አልነበረም። የነበረው አንድ ጭረት የሚበልጠው፣ ዛሬ «ቱ» ተብሎ የሚነበበው ፊደል ነው። ሹ ሸን ስለ እርሱ የሰጠው ማብራሪያ አጭር ነው፦ መራራ ዕፅ ነው፣ ትርጉሙን ከሣር፣ ድምፁን «ዩ» ከሚባለው ፊደል ያገኛል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፉን ያረመው ሹ ሹዌን በዚህ ቦታ ላይ «ይህ የዛሬው የሻይ ፊደል ነው» የሚል ማስታወሻ ጨምሯል። ስለዚህ ከሣሩ በታች ያለው ነገር ሰውና ዛፍ ሳይሆን፣ አንድ ጭረት የጎደለው «ዩ» የሚባል የድምፅ ክፍል ነው።

ጭረቱ የጠፋበትን ዘመን ደግሞ ድንጋይ ይመሰክራል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሊቅ ጉ የንዉ በታይ ተራራ ያሉትን የታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (618–907) ጽሑፎች በዓይኑ መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ779 እና በ798 የተቀረጹት አሮጌውን ባለ ተጨማሪ ጭረት ፊደል እንደያዙ አገኘ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ841 እና በ855 በተጻፉ የሐውልት ጽሑፎች ላይ ያችው አንዲት ጭረት ጎድላ ስላያት፣ ፊደሉ የተለወጠው ከታንግ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው ሲል ደመደመ። ዘመኑ ሻይ መጠጣት በቻይና እጅግ የተስፋፋበት፣ ሉ ዩ ስለ ሻይ የመጀመሪያውን ሙሉ መጽሐፍ የጻፈበት ክፍለ ዘመን ያለፈበት ነው። ለመጠጡና ለሌላው መራራ ዕፅ አንድ ፊደል መጠቀም አስቸጋሪ በሆነ ጊዜ፣ አንዲት ጭረት ማንሣት መለያ ሆነች። የፊደልን ለውጥ በዘመን መወሰን የሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚማረው አሠራር አለ፤ መጻሕፍት በየዘመኑ እየተገለበጡ ፊደላቸው ስለሚታደስ፣ ዓመተ ምሕረት ያለው ድንጋይ ወይም የጊዜው ብራና ከተገለበጠ መጽሐፍ ይልቅ ይታመናል።

አሮጌው ፊደል ጠፍቷል ማለት አይደለም። ዛሬም «መከራ ማሳየት» በሚል ትርጉም «ቱዱ» በሚለው ቃል ውስጥ፣ እንዲሁም አንድ ነገር በኃይል መድመቁን በእሳትና በነጭ የሣር አበባ በሚመስለው የቆየ አነጋገር ውስጥ ይገኛል። ጀማሪ ተማሪዎች በእነዚህ ቃላት ውስጥ ሲያዩት «ቻ» ብለው ያነቡታል፤ ከሣሩ በታች ያሉት ጭረቶች ሰባት ከሆኑ ንባቡ «ቱ» መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ዩ፣ ቱ፣ ቻ፦ ድምፁ እንዴት ተለያየ?

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ይጠይቃል፦ የድምፅ ክፍሉ «ዩ» ከሆነ፣ ፊደሉ «ቱ» እና «ቻ» ተብሎ እንዴት ይነበባል? መልሱን ለማግኘት ያንኑ የድምፅ ክፍል የያዙ ሌሎች ፊደሎችን ሰብስቦ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። «መንገድ» የሚለው ፊደል ቱ፣ «ማስወገድ» የሚለው ቹ፣ «ቀስ ማለት» የሚለው ሹ፣ «ትርፍ» የሚለው ዩ ይነበባል፤ ሁሉም ያንኑ ክፍል ተሸክመዋል። ይህን ያህል የተራራቁ ድምፆች በአንድ ክፍል ሊጻፉ የቻሉት ፊደሎቹ ሲፈጠሩ ድምፆቹ ስለሚቀራረቡ ነው። የጥንቱን ቻይንኛ መልሰው ለመገንባት የሞከሩት ዊልያም ባክስተርና ሎረን ሳጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሥራ የ«ዩ»ን ክፍል «ላ»፣ የመራራውን ዕፅም ከጉሮሮ ጠበቅ ባለ «ላ»፣ ሻይን ደግሞ «ል»ን «ር» የምትከተልበት «ልራ» አድርገው አቅርበዋል። መልሶ የተገነባ ድምፅ ግምት መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ሆኖም ሦስቱ ዛሬ ባዕድ የሚመስሉ ንባቦች ከአንድ ቤት መውጣታቸውን ያስረዳል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን የበለጠ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ1008 የተጠናቀቀው የጓንግዩን የቤት መምቻ መዝገብ እያንዳንዱን ፊደል በሁለት ሌሎች ፊደሎች ያስነብባል፤ ከመጀመሪያው የቃሉን መነሻ ድምፅ፣ ከሁለተኛው የቀረውን ድምፅና ቃናውን መውሰድ ነው። ለሻይ የተሰጡት ሁለት ፊደሎች ዛሬ «ጃይ» እና «ጂያ» ይነበባሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የዛሬውን ንባብ ወስደው ሲያጣምሩት «ጅያ» የመሰለ ነገር ይወጣቸውና መዝገቡ ስሕተት ነው ይላሉ። መዝገቡ የሚያጣምረው የዘመኑን ድምፅ ነው፤ በዚያ ዘመን የመጀመሪያው ፊደል የሚነሣው ምላስን ወደ ኋላ አጥፈው በሚያወጡት «ድ» ነበር፣ ስለዚህ ውጤቱ በግምት «ድራ» ይሆናል።

ይህ ምላስ የሚታጠፍበት ድምፅ በሰሜንና በአብዛኛው የቻይና ክፍል እየለዘበ ሄዶ «ቸ» ሆነ። በደቡብ ምሥራቅ፣ በፉጅየን ጠረፍ የሚነገሩት የሚን ቋንቋዎች ግን ከዚህ ለውጥ በፊት ተለይተው ስለነበር «ተ»ን ይዘው ቀሩ። ከእነርሱ አንዱ በሆነው በሆክየን ሻይ «ቴ» ነው። ይህ ለሻይ ብቻ የተደረገ እንዳልሆነ ለማረጋገጥ ሌላ ቃል መፈተን ይገባል፦ «መካከል» በማንዳሪን ጆንግ፣ በሆክየን ቲዮንግ ነው፤ «ቀርከሃ» በማንዳሪን ጁ፣ በሆክየን ቴክ ነው። አንድ ለውጥ በብዙ ቃላት ላይ በአንድ ዓይነት ሲደገም ሕግ ነው፤ በአንድ ቃል ላይ ብቻ ከታየ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ለአማርኛ ተናጋሪ የ«ተ» ወደ «ቸ» መለወጥ እንግዳ አይደለም፤ የግዕዙ «አንቲ» በአማርኛ «አንቺ» ሆኗል፣ ከ«ከፈተ» «ከፋች» ይወጣል። ምክንያቱ ከቻይናው የተለየ ቢሆንም አቅጣጫው ያው ነው።

በማንዳሪን ሲያነቡት «ቻ» በሁለተኛው፣ ማለትም ወደ ላይ በሚያነሣው ቃና ይባላል፤ ሰው ያልሰማውን ነገር «እ?» ብሎ ሲጠይቅ ድምፁ እንደሚነሣው ማለት ነው። ምላስ ትንሽ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ትንፋሽም ይወጣል። አማርኛ ተናጋሪዎች «ጫ» እንዳይሉት መጠንቀቅ አለባቸው፤ እንደ «ጨ» ያለ ፈንጂ ድምፅ በማንዳሪን የለም።

ጎረቤቶቹ እንዴት ተቀበሉት?

ጃፓን፣ ኮርያና ቬትናም ፊደሉን ከነድምፁ ስለወሰዱት፣ ንባባቸው ፊደሉ የደረሰበትን ዘመን ያስታውሳል። በጃፓንኛ አብዛኞቹ ፊደሎች ሁለት ዓይነት ንባብ አላቸው፤ አንዱ ከቻይና የመጣ፣ ሌላው የአገሩ ቃል ነው። ሻይ ግን የአገር ንባብ የለውም፤ «ቻ» ነው፣ ወይም በአንዳንድ ቃላት «ሳ» ነው፣ ሁለቱም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። የአገር ንባብ አለመኖሩ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ነገሩና ስሙ አብረው መጥተዋል ማለት ነው። በኮርያኛ ፊደሉ «ቻ» እና «ዳ» ይነበባል። በልማድ ፊደሎችን በትርጉማቸውና በድምፃቸው አጣምረው ሲጠሩ «ቻ ዳ» ስለሚሉት፣ «ቻ» የነገሩ ስም፣ «ዳ» የፊደሉ ድምፅ ተደርጎ ይቆጠራል። በቬትናምኛ «ትራ» ከጽሑፍ ቻይንኛ የተወሰደው ንባብ ሲሆን «ቼ» የሕዝቡ ቃል ነው።

ትርጉሙም አልቆመም። በጃፓንኛ «ቻኢሮ»፣ የሻይ ቀለም፣ ቡናማ ማለት ነው፤ እኛ በቡና የሰየምነውን ቀለም እነርሱ በሻይ ሰይመውታል። በደቡብ ቬትናም «ቼ» ብሎ ያዘዘ ሰው የሚቀርብለት ከባቄላ፣ ከኮኮናት ወተትና ከስኳር የሚሠራ ጣፋጭ ነው። ኮርያውያን በመኸርና በአዲስ ዓመት በዓላቸው ለአያቶቻቸው የሚያቀርቡት ሥርዓት «ቻርዬ»፣ የሻይ ሥርዓት ይባላል፤ ዛሬ ግን በአብዛኛው የሚቀርበው መጠጥ አልኮል ነው። በካንቶንኛ «ያም ቻ»፣ ሻይ መጠጣት፣ ማለዳ በትንንሽ ሳሕን የሚቀርብ ሙሉ ምግብ መብላት ማለት ነው። ለአስተርጓሚ ከሁሉ የሚያሳስተው ግን «ሆንግ ቻ» ነው። ቃል በቃል «ቀይ ሻይ» ይሁን እንጂ፣ አውሮፓውያን ጥቁር ሻይ የሚሉት እርሱ ነው፤ ቻይናውያን የተፈላውን ውኃ ቀለም፣ አውሮፓውያን የደረቀውን ቅጠል ቀለም አይተው ስለሰየሙት ነው።

እስከ አማርኛ

ከፊደሉ ክልል ውጭ ያሉት ቋንቋዎች የወሰዱት ድምፁን ብቻ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሻይን ወደ አውሮፓ በብዛት ያጓጓዙት ሆላንዶች ቃሉን ከሆክየን ተናጋሪዎች ስላገኙት፣ ሆላንድኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ጣሊያንኛ በ«ተ» የሚጀምር ስም አላቸው። በየብስ የተጓዘው ግን «ቻ» ነው፤ በፋርስኛ፣ በቱርክኛ፣ በሩስኛና በሂንዲ «ቻይ» ይባላል። ከዚህ ተነሥቶ «በባሕር የሄደው ቴ፣ በየብስ የሄደው ቻ» የሚል አባባል ተለምዷል። አባባሉ ለመያዝ ቢመችም ሙሉ እውነት አይደለም። ፖርቱጋሎች በባሕር የመጡ ሆነው ሳለ «ሻ» ይላሉ፣ መቀመጫቸው ካንቶንኛ በሚነገርበት በማካው ነበርና። ጃፓንም ሻይን በባሕር ተቀብላ «ቻ» ትላለች። የሚወስነው ባሕሩ ሳይሆን ቃሉ የተወሰደበት ወደብ ነው። የፖላንዱ «ሄርባታ» ደግሞ የላቲኑን «ዕፅ» የሚለውን ቃል ከፊቱ አስቀድሞ «ቴ»ን በውስጡ ደብቋል።

የእኛ «ሻይ» ከ«ቻ» ወገን መሆኑ ግልጽ ነው። ነገር ግን አማርኛ «ቸ» እያለው ለምን «ቻይ» አላልንም? ዐረብኛ በመደበኛው አነጋገር «ቸ» ስለሌለው የፋርሱን «ቻይ» «ሻይ» አድርጎታል፤ የእኛም ቃል በ«ሸ» መጀመሩ በዐረብኛ በኩል መምጣቱን ያመለክታል። ስዋሂሊ «ቻይ» ማለቱ ሌላ መንገድ መከተሉን ያሳያል። የጎረቤት ቋንቋዎችም ይህን ያጠናክራሉ፤ ኦሮምኛ «ሻዪ»፣ ሶማልኛ «ሻህ»፣ ትግርኛ «ሻሂ» ይላሉ፣ «ሻሂ» ደግሞ በየመን የሚሰማ አነጋገር ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቻይናዊውን «ቻ» ሰምቶ «ጫት»ም ቅጠል ነውና ዘመዱ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጫት በዐረብኛ «ቃት» ነው፤ ሁለቱ ቃላት በዐረብኛ ውስጥ እንኳ ተገናኝተው አያውቁም። በድምፅ መመሳሰል ብቻ ዝምድና አይቆጠርም፤ ቃሉ ያለፈበት መንገድ በየጣቢያው መታየት አለበት።

ዝምድና የሌላቸው ልማዶች መገናኘት ግን ይገርማል። እኛ ለአገልጋይ ትንሽ ገንዘብ ሰጥተን «ሻይ ጠጣበት» እንደምንል፣ ቻይናውያንም ለዚሁ «ቻ ቺየን»፣ የሻይ ገንዘብ ይላሉ። ይህ ከቃሉ ጋር የመጣ ነው ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም፤ ሻይ በረከሰበት አገር ሁሉ በራሱ ሊፈጠር የሚችል አነጋገር ነው።

መንገዱን በሌላ ፊደል ለመሞከር ለሚፈልግ ቀርከሃ ጥሩ ቀጣይ ነው። ንባቡ በማንዳሪን ጁ፣ በካንቶንኛ ጁክ፣ በሆክየን ቴክ፣ በጃፓንኛ ቺኩ፣ በኮርያኛ ጁክ፣ በቬትናምኛ ትሩክ ነው፤ ከማንዳሪን በቀር ሁሉም መጨረሻዋን «ክ» እንደጠበቋት ያስተውሉ። እንደ ሻይ ሳይሆን በጃፓንኛ የአገር ንባብም አለው፣ «ታኬ» ይባላል። የድምፅ ክፍል ግን አይፈልጉለት፤ ይህ ፊደል በእውነት ሥዕል ነው፣ ወደ ታች የተንጠለጠሉ የቀርከሃ ቅጠሎች።